ቁጥሩን ከማመናችን በፊት የተመረመሩት እነማን ነበሩ? ስለ አንድ ፈጣን የታይፎይድ መመርመሪያ የተከፈተ ክርና ምላሾቹ

በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች በምንወያይበት መድረክ ላይ ይህን ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ብዙ ገጽ ስለያዙና ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከመሐል አንብበው መከራከር ስለጀመሩ፣ ከመነሻው አንሥቼ በየቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልጠቅስም። የራሴን አስተያየት ግን በየመሐሉ እጨምራለሁ፤ ጉዳዩ ታካሚ ላይ የሚያርፍ ነውና ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

በመክፈቻው ያነሣሁት ይህንን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አዲስ ፈጣን የታይፎይድ መመርመሪያ ይዞ የመጣ አቅራቢ አንድ ገጽ ማስረጃ አሳየኝ። በወረቀቱ ላይ መመርመሪያው ሕመሙ ያለበትን የመያዝ አቅሙም፣ ሕመሙ የሌለበትን ነጻ የማለት አቅሙም ከዘጠና በመቶ በላይ መሆኑ በደማቅ ቀለም ታትሟል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን የተመረመሩት ሁለት ቡድኖች እንደነበሩ ይናገራል፤ አንደኛው በደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አብቅሎ በማየት፣ ታይፎይድ የተረጋገጠባቸው፣ ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን፣ ሁለተኛው ጤነኛ ደም ለጋሾች። እኔ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪዬ መስኮት ጤነኛ ደም ለጋሽ እንደማይመጣ ጻፍሁ። የሚመጣው ትኩሳት የያዘው፣ ራሱን የሚያመው፣ ወባ ይሁን ታይፈስ፣ ግርሻ (ተመላላሽ ትኩሳት) ይሁን የሳንባ ምች ገና ያልታወቀለት ሰው ነው። መመርመሪያው እነዚህን ሕመሞች እርስ በርሳቸው መለየት ካልቻለ፣ ታማሚን ከጤነኛ መለየቱ ለእኔ ምንም አይረባኝም። ስለዚህ የዚያ ወረቀት ቁጥር በእኛ ታካሚዎች ላይ ሊታመን እንደማይገባው ተከራከርሁ፤ አስከትዬም ሌሎቹ ባለሙያዎች የምርመራ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

1ኛው ምላሽ ደሴ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ከምትሠራ ነርስ የመጣ ነበር። ጥያቄውን በትሕትና አመስግና ችግሩን ከታካሚው በኩል አሳየችን። በተለይ ሰኞ፣ ገበያው በሚቆምበት ቀን፣ ከኩታበርና ከተሁለደሬ የሚመጡ ሰዎች ታይፎይድና ታይፈስ ይታይልን ብለው ምርመራውን በስሙ እንደሚጠይቁ፣ ሐኪሙ አያስፈልግም ካለም ወደሚቀጥለው ክሊኒክ እንደሚሄዱ ተረከች። እርሷ የምትፈልገው በተረኛነት ሌሊት ልትጠቀምባቸው የምትችላቸው ግልጽ ጥያቄዎች እንጂ የተወሳሰበ የስታቲስቲክስ ትምህርት እንዳልሆነም አስታወቀች።

2ኛውን ምላሽ የሰጡት ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ኳዳስ የሚባለው የምርመራ ጥናቶች ጥራት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2003 በ14 ጥያቄዎች መውጣቱን፣ በ2011 ደግሞ ታርሞ ኳዳስ 2 በሚል ስም በአራት ዘርፎች መደራጀቱን አስረዱ። ታካሚዎቹ እንዴት ተመረጡ? የሚጠናው መመርመሪያ እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ተነበበ? ማመሳከሪያ የሆነው፣ ማለትም ማን በእውነት እንደታመመ የሚወስነው ምርመራ፣ እውነቱን ያውቃል ወይ? ሁሉም ታካሚ በአንድ ዓይነት ማመሳከሪያ፣ በተቀራረበ ጊዜ ተመርምሯል ወይስ በመሐል የቀረ ሰው አለ?

ሐኪሙ ከአራቱ ይልቅ በመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆዩ፤ እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡትን ሥራ አነሡ። እነዚህ ተመራማሪዎች የተለያዩ የምርመራ ጥናቶችን ሰብስበው፣ ሕመማቸው የታወቀ ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸሩት ጥናቶች የመመርመሪያውን ብቃት በእጅጉ አጋነው እንደሚያሳዩ አስመስክረዋል። ሐኪሙ የሲኢኤን ታሪክም ጨመሩ። ይህ የደም ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲዘገብ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸውን ታማሚዎች ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚይዝ መስሎ ነበር። ነገር ግን የተመረመሩት ካንሰራቸው የገፋ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሕመሙ ገና በጀመራቸውና ሌላ የአንጀት ወይም የጉበት ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ያ ብቃት ቀነሰ፤ ዛሬ ሲኢኤ ካንሰር ለመፈለግ ሳይሆን በአብዛኛው የታወቀ ካንሰር ያለበትን ሰው ለመከታተል ያገለግላል። ራንሶሆፍና ፋይንስታይን የተባሉት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 ይህንኑ ታሪክ ምሳሌ አድርገው የጻፉት ጽሑፍ የዚህ ሁሉ ውይይት መሠረት እንደሆነም ገለጹ።

3ኛው ምላሽ የክሩን ድምፅ ለወጠው። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ውስጥ የሕክምና ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ነው። መመዘኛዎቹን የሚያወጡት የካልቸር ጠርሙስና ኢንኩቤተር እንደልብ የሞላላቸው አገሮች መሆናቸውን፣ እኛ ግን ደሴንና ኮምቦልቻን ከሚያገናኘው ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታችም በላይም ትኩሳት ያለበትን ሰው በአንድ ጠብታ ደም እንድንፈርድ መገደዳችንን በምሬት ጻፈ። በሁሉም ጥናት ላይ ጉድለት እየፈለግን መመርመሪያዎችን ብንጥል በእጃችን የሚቀረው ግምት ብቻ እንደሆነም አከለ። ብዙዎች ተቆጡ። እኔ ግን ከምሬቱ ሥር ያለውን እውነት አልክድም። እዚህ ካልቸር ለማግኘት የሚደከመውን ድካም አውቀዋለሁ፤ ውጤቱ እስኪደርስ ታካሚው ወይ ይድናል ወይ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

4ኛው ምላሽ እርማት ነበር። አንዲት የማኅበረሰብ ጤና ተመራማሪ የ2ኛው ምላሽ ሰጪ ስለ አራቱ ዘርፎች ሲጽፉ ከአራት ስንት የሚል ነጥብ መስጠት የሚቻል እንዳስመሰሉ በአክብሮት ጠቆመች። ኳዳስ 2 ድምር ነጥብ እንዲሰጥ አይመክርም። ምክንያቱን ስታስረዳ በሦስት ዘርፎች እንከን የሌለበት ጥናት በአንዱ ብቻ ተበላሽቶ ቁጥሩ ሁሉ ሊሳሳት እንደሚችል፣ ድምሩ ግን ያንን ጉድለት እንደሚሸፍነው አሳየች። ሐኪሙ በ5ኛው ምላሽ እርማቱን በደስታ ተቀብለው አመሰገኗት። ይህን ያህል ዕድሜና ልምድ ያላቸው ሰው በአደባባይ እንዲህ ሲቀበሉ ማየት ለወጣቶቻችን ትምህርት ነው።

6ኛው ምላሽ ለ3ኛው የተሰጠ ሲሆን ከክሩ ሁሉ በላይ ብዙ ሰው መልሶ ያነበበው እርሱን ነው። ጸሐፊው ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ባለቤቱ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች መድረኩን ይከታተላል። ለምሳሌ ብቻ የመረጠው ቁጥር መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ 1000 ትኩሳት ያለባቸው ሰዎችን አስቀመጠ። ከነዚህ ታይፎይድ ያለባቸው 20 ብቻ ናቸው እንበል። መመርመሪያው ከመቶ ታማሚ 90ውን ይይዛል፣ ከመቶ ነጻ ሰውም 90ውን ነጻ ይላል። ከ20ው 18ቱን ይይዛል። ከቀሩት 980 ሰዎች ግን 98ቱን በስሕተት ታይፎይድ አለባችሁ ይላቸዋል። አለባችሁ ከተባሉት 116 ሰዎች በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው 18 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ያንኑ መመርመሪያ ከ1000 ሰው 300ው ታይፎይድ ያለበት ቦታ ብንወስደው 270 እውነተኛና 70 ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል። መመርመሪያው ያው ነው፣ አቅሙም ያው ነው፤ በታካሚው እጅ የሚገባው ወረቀት ትርጉም ግን ሌላ ሆነ። አስተማሪው ለ3ኛው ምላሽ ሰጪ ሲመልስ፣ ከመመርመሪያ ጋር መኖርም ግምት መሆኑን፣ ልዩነቱ ግምቱን በቁጥር ማወቅ መቻላችን ብቻ እንደሆነ በጨዋነት አስረዳው።

በ7ኛው ምላሽ ሐይቅ የምትኖር አንዲት የጤና መኮንን የቅርብ ዘመዷን ታሪክ ጻፈች። ትኩሳት እየተወው ተመልሶ እየያዘው በተደጋጋሚ የዊዳል ምርመራ ተደርጎለት፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ታይፎይድ አለበት ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ትኩሳቱ በጋለበት ሰዓት ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያይ የግርሻ ተውሳክ አገኘ። የጤና መኮንኗ የከሰሰችው ሰውን ሳይሆን ምርመራውን ነው። ዊዳል ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር ደግሞ ያ ፀረ እንግዳ አካል ከቀድሞ ሕመም ሊቀር ይችላል፣ ሌላ ትኩሳትም ሊቀሰቅሰው ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን የሚያሳይ 1፡80 ወይም 1፡160 የሚል ቁጥር በታካሚ ካርድ ላይ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት በዚያ ታሪክ ላይ በግልጽ ታየ። 8ኛው ምላሽ መስማማት ብቻ ነበር።

ከ9ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ጨጓራ ዞረ። አንድ ወጣት ሐኪም ስለ ጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ጠየቀ፤ ታክሞ የጨረሰ ሰው በደም ምርመራ አሁንም አለብህ መባሉ ስላስጨነቀው ነበር። በ10ኛው ምላሽ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ የደሙ ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያይ ከሕክምና በኋላም ለረጅም ጊዜ አለ ሊል እንደሚችል፣ ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ የባክቴሪያውን አካል በሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ እንደሚሻል፣ እሱም ቢሆን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ከቆመም ሁለት ሳምንት ቆይቶ መሠራት እንዳለበት ነገረችው። እስከዚህ ጠቃሚ ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ግን ሚጥሚጣ ይጎዳል አይጎዳም፣ አቦል ጠጥቶ በረካን መተው ይቻላል አይቻልም ወደሚል ጨዋታ ተሸጋገረ። የመድረኩ አስተባባሪ ወሬው ለቡና ሰዓት እንዲቆይ በትሕትና ለምነው መለሱን።

14ኛው ምላሽ ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። ጸሐፊው የማይክሮባዮሎጂ መምህር ነው። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የደም ካልቸርን እንደ መጨረሻ ዳኛ ቆጥረን እንደተከራከርን አስታወሰን። የደም ካልቸር ግን ታይፎይድ ካለባቸው አሥር ሰዎች ወደ ስድስት የሚሆኑትን ብቻ እንደሚያገኝ፣ ታካሚው አስቀድሞ መድኃኒት ከወሰደ ወይም የተቀዳው ደም ትንሽ ከሆነ ከዚያም እንደሚያንስ ገለጸ። የመቅኒ ካልቸር የተሻለ ይይዛል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ትኩሳት መቅኒ መቅዳት አይታሰብም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። አንድ ጥሩ መመርመሪያ ካልቸር ያመለጠውን እውነተኛ ታማሚ ቢይዝ፣ ጥናቱ እንደ ስሕተት ይቆጥርበታል። በተቃራኒው ካልቸር በቀላሉ የሚያገኛቸውን ብቻ የሚይዝ መመርመሪያ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከእውነተኛ ብቃቱ በላይ ያምራል።

መምህሩ አንዳንድ አጥኚዎች ይህን ለማምለጥ ካልቸርን፣ ምልክቶችንና ሌሎች ምርመራዎችን ቀላቅለው አንድ ማመሳከሪያ እንደሚሠሩ ጨመረ። ይህም የራሱ ወጥመድ አለበት። የሚጠናው መመርመሪያ ራሱ በማመሳከሪያው ውስጥ ከገባ፣ ራሱን በራሱ መመስከር ይሆናል፤ ቁጥሩም ያለ ጥርጥር ያድጋል። ስለዚህ ጥናት ስናነብ ታማሚ ነው የተባለው በምን እንደተባለ የሚናገረውን አንቀጽ ደጋግመን ማየት አለብን። ይህን ሳነብ የአቅራቢውን ወረቀት መልሼ አየሁት። ለደም ለጋሾቹ ካልቸር እንኳን እንዳልተሠራላቸው፣ ጤነኛ የተባሉት ጤነኛ ስለሚመስሉ ብቻ እንደነበር ተረዳሁ።

15ኛው ምላሽ ያሳዘነኝ ነው። አንድ ተማሪ 3ኛውን ምላሽ የጻፈው ነጋዴ የሚከራከረው ለኪሱ እንደሆነ በግልጽ ከሰሰው። ነጋዴውም በ16ኛው ምላሽ በቁጣ መለሰ፤ ኮምቦልቻና ዙሪያዋ መመርመሪያ ባለቀባቸው ጊዜያት በዱቤ ያቀረበው እርሱ መሆኑን፣ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ታካሚ የዳሰሰ እንዳልሆነ ጻፈ። ሁለቱም የቀረበውን ክርክር ትተው ወደ ሰውየው ሄዱ። በጥናት ላይ የገንዘብ ድጋፍ ማን እንደሰጠ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን አቅራቢ ያወጣው ጥናት ሁሉ ሐሰት አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሁሉም እውነት አይደለም። የሚያጣራው ዘዴው ነው።

በ17ኛው ምላሽ ጡረታ የወጡ አንድ አንጋፋ ሐኪም ገቡ። ሁሉም ጋሼ እያለ የሚያከብራቸው ናቸው። ተማሪውን እንደ ልጅ፣ ነጋዴውን እንደ ወንድም አብሽር ብለው ካረጋጉ በኋላ ወደ ወባ ወሰዱን። ከሐርቡና ከባቲ ቆላ የሚመጣ ትኩሳት ሁሉ በፈጣን የወባ መመርመሪያ እንደሚታይ አስታወሱ። ከነዚህ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመርተውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። መመርመሪያዎቹ ሲወጡ በጥሩ ጥናት ተፈትነው አልፈዋል። ከዚያ ግን ፕሮቲኑን የሚያመርተው ዘረመል የጠፋባቸው ተውሳኮች በኤርትራ ተገኙ፤ በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን የሸፈነና 12,572 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በኤች አር ፒ 2 ላይ ብቻ የተመሠረተ መመርመሪያ በዚሁ ምክንያት ከፋልሲፓረም ወባ 9.7 በመቶውን እንደሚያመልጥ ገመተ። የዓለም የጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲቀየር የሚመክርበት ገደብ 5 በመቶ ነው። ሐኪሙ ይህን ያነሡት፣ ጥሩ የነበረ ጥናትንም ጊዜና ቦታ እንደሚያስረጁት ለማሳየት ነበር።

በ18ኛው ምላሽ የ4ኛው ጸሐፊ የሆነችው ተመራማሪ በጋሼ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር አከለች። የቀድሞዎቹ የወባ ጥናቶች በአሠራራቸው አልተበላሹም፤ ችግሩ ጥናቱ የተደረገበት ሁኔታ ከእኛ ሁኔታ ጋር አለመግጠሙ ነው። ኳዳስ 2 እነዚህን ሁለቱን ለይቶ እንደሚጠይቅ፣ አንዱ የአሠራር አድልዎ ሌላው ለእኛ መግጠም አለመግጠሙ እንደሆነ አስረዳች። አድልዎ የሌለበት ጥናት ላይገጥመን ይችላል፤ የሚገጥመን ጥናትም አድልዎ ሊኖርበት ይችላል። ይህ መለያየት ለእኔ የአቅራቢዎችን ወረቀት ሳነብ በጣም ረድቶኛል፤ ለሁለቱ የማቀርበው ጥያቄ የተለያየ ነውና።

በ19ኛው ምላሽ አንድ የቲቢ ክፍል ባለሙያ ከሁሉም የሚበልጥ ያለውን ማስረጃ አቀረበ። ለቲቢ የሚሸጡ የደም ፀረ እንግዳ አካል መመርመሪያዎች በብዙ አገሮች፣ በተለይም በግል ክሊኒኮች፣ በስፋት ይሠራባቸው ነበር። ጥናቶቹ ተሰብስበው በጥራታቸው ሲመዘኑ የማስረጃው ጥራት በጣም ዝቅተኛ፣ ውጤታቸውም የተዘበራረቀ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 እነዚህን መመርመሪያዎች ለሳንባም ሆነ ከሳንባ ውጭ ላለ ቲቢ አትጠቀሙ የሚል ምክር አወጣ። ባለሙያው ይህን ለ3ኛው ምላሽ ያቀረበው መልስ አድርጎ ነው፤ ደካማ ጥናትን መጣል ድሃውን ይጎዳል ለሚለው፣ ሳይጣል የቆየው ለማን ዋጋ እንዳስከፈለ ጠየቀ። በዚያ ምርመራ የለብህም ተብሎ ቲቢውን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አለ፤ ሳይኖርበት ለወራት መድኃኒት የዋጠም አለ።

20ኛው ምላሽ ያንኑ መንገድ ተከትሎ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በአክታ ውስጥ ስለሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት ስለተባለው ምርመራ ጠየቀ፤ እሱስ በምን ተለየ? 21ኛው መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ትልቅ ጥናት ቲቢ ሊሆን ይችላል ተብለው የተጠረጠሩ ሰዎችን በተለያዩ አገሮች መርምሮ፣ ሁሉንም በካልቸር አመሳክሮ፣ ውጤቱን በየቡድኑ ለይቶ አሳየ። በአክታ ማይክሮስኮፕ ተውሳኩ በታየባቸው ሰዎች አንድ ምርመራ ብቻውን 98.2 በመቶውን ያዘ፤ ማይክሮስኮፕ ባጣባቸው ግን 72.5 በመቶውን። እኔ የምወደው ሁለተኛውን ቁጥር ሳይደብቁ ማሳየታቸውን ነው። ሁለቱን ቀላቅለው አንድ የሚያምር ቁጥር ቢያወጡ ኖሮ፣ አክታው ነጻ የሆነውን ታካሚ የሚያክመው ሐኪም ይታለል ነበር።

22ኛው ምላሽ ስለ ንባብ ነው። ደሴ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ባለሙያ፣ የሁለተኛውን ምርመራ ውጤት የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን ካወቀ ዓይኑ ወደዚያ እንደሚሄድ ከሥራው መሰከረ። ፈጣኑ መመርመሪያ ላይ ደብዛዛ መሥመር ሲታይ፣ ካልቸሩ አዎንታዊ መሆኑን የሚያውቅ ሰው መሥመሩን ያያል፤ የማያውቅ ላያይ ይችላል። ጥናቱ አንባቢዎቹ አንዱ የሌላውን ውጤት አለማወቃቸውን ካልጻፈ እርሱ እንዳወቁ ቆጥሮ እንደሚያነብ ገለጸ። 23ኛው ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ አለ፤ ያልተጻፈ ሁሉ ያልተሠራ አይደለም። ስታርድ የተባለው መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ታድሶ 30 ነጥቦች የያዘው፣ ጥናት በምን ዓይነት ዝርዝር መጻፍ እንዳለበት የሚያስተምር እንጂ የጥራት መመዘኛ አለመሆኑን አስታውሶ፣ ያልተገለጸው ነገር ግልጽ አይደለም ተብሎ መመዝገብ እንዳለበት ተከራከረ። ሁለቱ እስከ 25ኛው ምላሽ ድረስ በዚህ ተሟገቱ፤ አልተስማሙም። እኔ በ23ኛው ወገን ነኝ፤ ግን ለመግዛት ስወስን ግልጽ ያልሆነውን ለሻጩ ጥቅም አልተረጉምለትም።

26ኛውን የጻፈችው የሕክምና ባለሙያ ያልሆነች እናት ናት፤ ልጇ በፈጣን ምርመራ ታይፎይድ የለበትም ተብሎ ስለነበር ጥናቱ የለበትም የተባሉትን ሰዎች ማጣራት አለማጣራቱን ጠየቀች። ከእኛ ከባለሙያዎቹ ማንም ያላነሣውን ነገር ነው የጠየቀችው። የውስጥ ደዌው ሐኪም በ27ኛው ምላሽ እህቴ ብለው አክብረው መለሱላት። በብዙ ጥናቶች ወደ ውዱ ማመሳከሪያ ምርመራ የሚላኩት በመመርመሪያው አለባቸው የተባሉት ብቻ ናቸው። የለባቸውም የተባሉት ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ፣ ከነርሱ መሐል ያመለጡ ታማሚዎች አይቆጠሩም፤ የመያዝ አቅሙም ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለ ልጇም ትኩሳቱ ካልተወው በወረቀቱ ሳትተማመን ወደ ሐኪም እንድትመልሰው መከሯት።

28ኛው ምላሽ የነጋዴው ነበር። ቁጣው በርዶለት በመክፈቻው ያነሣሁትን የታይፎይድ መመርመሪያ ሙሉውን የጥናት ጽሑፍ ከአምራቹ አስመጥቶ በመድረኩ ላይ አኖረው። ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ። እስከ 31ኛው ድረስ አራቱን ዘርፎች ይዘን አብረን አነበብነው። ሕሙማኑና ለጋሾቹ ተለያይተው መመረጣቸው በገጹ እንዳየነው ነበር። በተጨማሪም መሥመራቸው ደብዛዛ ስለነበር ውጤታቸው አልተወሰነም የተባሉ ሰዎች ከሒሳቡ ወጥተዋል፤ እነርሱ ቢገቡ ቁጥሩ ይወርድ ነበር። ደብዛዛ መሥመር ደግሞ በእኛ ጠረጴዛ ላይ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ታካሚውን አልተወሰነም ብለን ከሒሳብ አናወጣውም። ነጋዴው ራሱ ካነበበ በኋላ፣ በዚህ ጥናት ብቻ ዕቃውን እንደማያስተዋውቅ ጻፈ። ተማሪውም በ32ኛው ምላሽ ይቅርታ ጠየቀው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ምላሾች ወደ ሥራ አዘንብለዋል። የማይክሮባዮሎጂው መምህር በደሴና በኮምቦልቻ የሚመጡ ትኩሳት ያለባቸውን ሰዎች ሳንመርጥ፣ በመጡበት ቅደም ተከተል መዝግበን፣ ለሁሉም በተመሳሳይ ቀን ካልቸርና ፈጣን መመርመሪያ እንድንሠራ ሐሳብ አቀረበ። 34ኛው የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይገኝ አንድም ደም እንዳይቀዳ አሳሰበ፤ ትክክል ነው። 35ኛው የካልቸር ጠርሙሱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ጠየቀ፤ እስካሁን መልስ አላገኘም። 36ኛው ደግሞ ቤታቸው መድኃኒት ጀምረው የመጡትን እንድናስወጣ ሐሳብ ሰጠ፤ ካልቸሩን ያበላሻሉ በማለት። የ1ኛዋ ነርስ በ37ኛው ምላሽ ተቃወመችው። ወደ እርሷ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የጀመሩ እንደሆኑ፣ እነርሱን ካስወጣን የምናጠናው የማታያቸውን ታካሚዎች እንደሚሆን ነገረችው። የወሰዱት መድኃኒት ስምና የጀመሩበት ቀን በቅጹ ላይ ይጻፍ፣ ውጤቱም ለነርሱና ላልወሰዱት ተለይቶ ይቅረብ የሚለው ሐሳቧ በሐኪሙም በመምህሩም ተደግፎ በረቂቅ ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል።